ቀን የተቆረጠለት ሙዚቃ

 

ዛሬ ስለ ላይፕዚግ ላወጋችሁ ነው። ኳስ የምትከታተሉ ስሟን ከክለቧ ጋር ታውቁት ይሆናል። በምሥራቅ ጀርመን የምትገኝ፣ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። እኔን የሚያስቀናኝ ግን የወር ፕሮግራሟ ነው።

እስቲ አንዱን ወር እንውሰድ። አርብ ከቀኑ 12 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይዘምራሉ። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይም ይዘምራሉ፤ በቅዳሜው ላይ መሣሪያም ይታከላል። እሑድ ረፋድ 5 ሰዓት ሲሆን፣ የሙዚቃ ደራሲው ፌሊክስ ሜንዴልሶን ኖሮ በሞተበት ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ አነስ ያለ ኮንሰርት አለ። ሐሙስና አርብ ማታ ደግሞ ጌቫንድሃውስ የሚባለው ትልቁ ኦርኬስትራ በራሱ አዳራሽ ይጫወታል። በመሃል በመሃሉ የሙዚቃ ኮሌጁ ተማሪዎች የተለማመዱትን ያሰማሉ። የፌስቲቫል ሰሞን እንዳይመስላችሁ። ተራ ወር ነው።

ወደ አርቡ ልመለስ። የቅዱስ ቶማስ መግቢያ ጥቂት ዩሮ ነው። በር ላይ የምትገዙት የፕሮግራም ወረቀት ነው፤ ትኬታችሁም እሱው ነው። ገብታችሁ ስትቀመጡ ፊታችሁ ወደ መሠዊያው ይሆናል። ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት ከኋላችሁ፣ ኦርጋኑ ካለበት ሰገነት ላይ ነው። ስለዚህ አታዩአቸውም። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሆናቸው ወንዶች ልጆች ናቸው፤ አብረው በአዳሪ ቤት ይኖራሉ፣ አብረው ይማራሉ። ድምፃቸው ከጀርባችሁ ተነሥቶ ከራሳችሁ በላይ ያልፋል። ዓይን የሚይዘው ሲያጣ ጆሮ ሥራውን ብቻውን ይሠራል። ከፊታችሁ፣ ከመሠዊያው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ አንድ የነሐስ ሰሌዳ አለ። የሙዚቃ ደራሲው የዮሐን ሴባስቲያን ባኽ መቃብር ነው።

ይህ የመዘምራን ቡድን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1212 ነው። በእኛ አገር ዙፋኑ ላይ ንጉሥ ላሊበላ የነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። ጦርነት፣ ወረርሽኝ፣ የናዚ አገዛዝ፣ የኮሚኒስት መንግሥት፣ ይህ ሁሉ አልፎበታል፤ ልጆቹ ግን ዛሬም ይዘምራሉ።

ባኽ ወደ ከተማዋ የመጣው በ1723 ነው። ተቀጥሮ ነው የመጣው። ሥራው መዘምራኑን ማሠልጠንና ለየእሑዱና ለየበዓሉ ሙዚቃ ማቅረብ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሳምንት አንድ ካንታታ ያህል ይጽፍ ነበር፤ ካንታታ ማለት ድምፃውያን፣ መዘምራንና መሣሪያ ተጋግዘው የሚያቀርቡት፣ ብዙ ክፍል ያለው ድርሰት ነው። ይጽፋል፣ እጅ ጽሑፉ ለየመሣሪያው ይገለበጣል፣ ቅዳሜ ይለማመዳሉ፣ እሑድ ይቀርባል። ሰኞ እንደገና ባዶ ወረቀት። ከእነዚህ ድርሰቶች ሁለት መቶ ያህሉ ዛሬ በእጃችን አሉ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ በላይፕዚግ ይህ ሙዚቃ ይቆም ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ከበሮውና ጸናጽሉ እንደሚያርፉ ማለት ነው። ባኽ በ1724 ያን ዝምታ ተጠቅሞ የዮሐንስን ወንጌል ተከትሎ የጌታን ሕማም የሚተርከውን ታላቅ ድርሰቱን አሰናዳ፤ በስቅለት ዕለትም አሰማው።

የነገሬ ፍሬ እዚህ ላይ ነው፤ ቀኑ ከባኽ በፊት ነበር። ማንም ሊቅ ሳይጠበቅ እሑድ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ሰውም ይመጣል። ባኽ ያን የተቆረጠ ቀን ይሞላ ዘንድ ተቀጠረ፤ ሲሞላው ሲሞላው ዓለም እስከ ዛሬ የሚሰማው ሆነ። ቀጠሮው ባይኖር አብዛኛው ካንታታ አይጻፍም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ባኽ ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ቀጠሮ ነበረው። ከ1729 ጀምሮ ተማሪዎች የሚበዙበትን የሙዚቀኞች ማኅበር መራ። የሚጫወቱት ሲመርማን በሚባል ሰው ካፌ ውስጥ ነበር፤ ክረምት ሲሆን አርብ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ በበጋ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በአትክልት ቦታ። መግቢያ አይከፈልም። ባለካፌው ትርፉን የሚያገኘው ከሚሸጠው ቡና ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ነው ባኽ ስለ ቡና አንድ አጭር ድርሰት የጻፈው። ልጅቱ ቡና ወዳድ ናት፤ አባት ይቆጣል፣ ይዝታል፣ ልብስ አልገዛልሽም ይላል። እሷ ግን በቀን ሦስቴ ካልጠጣሁ አልሆንም ትላለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ያደገ ሰው ልጅቱን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም!

ትልቁ ኦርኬስትራም እንዲሁ ከቀጠሮ ነው የተወለደው። በ1743 ዐሥራ ስድስት የከተማዋ ሰዎች፣ መኳንንትና ነጋዴዎች፣ ገንዘብ አዋጥተው ዐሥራ ስድስት ሙዚቀኞች ሰበሰቡ። ንጉሥ አላዘዛቸውም። ብዙም ሳይቆይ በእንግዳ ማረፊያ ቤት መጫወት ጀመሩ፤ በ1781 ወደ ጨርቅ ነጋዴዎች ሕንፃ ገቡ፤ ኦርኬስትራው ዛሬ ከ180 በላይ ሙዚቀኞች አሉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረው አዳራሽ በቦምብ ተመታ። ኦርኬስትራው አዳራሽ የለኝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ከእንስሳት መጠበቂያው አጠገብ ባለ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ለ35 ዓመት ያህል ተጫወተ። የአሁኑ አዳራሽ የተከፈተው በ1981 ነው።

አንድ ሌሊት ልጨምር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1918። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሁለት ወር አልሞላውም፤ የላይፕዚግ ሠራተኞች ስለ ሰላምና ነፃነት ተሰብስበዋል። የኦርኬስትራው መሪ አርቱር ኒኪሽ የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ጀመረ፤ ሰዓቱ የተመረጠው የመጨረሻው ክፍል፣ መዘምራኑ የሚገቡበት፣ ከአዲሱ ዓመት ጋር እንዲገጥም ተብሎ ነው። ልማዱ ተተከለ። ዛሬም በላይፕዚግ ዓመቱ ሲያልቅ ዘጠነኛው ሲምፎኒ ይሰማል።

ይህን ሁሉ የማወራው ጀርመንን ለማወደስ አይደለም። ቀን የተቆረጠለት ዜማ ለእኛ እንግዳ ስላልሆነ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም መሆኑን ማን ያስታውሰናል? ማስታወቂያ አይለጠፍም፤ ሰው ግን ነጠላውን ለብሶ ይወጣል። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተወልን ድጓ የተሰደረው የዓመቱን በዓላት ተከትሎ ነው። ማኅሌት የሚቆመው ሰው የትኛው ዕለት የትኛው ዜማ እንዳለው ያውቃል፤ ቀኑ ደርሶ እስኪነግረው አይጠብቅም።

ታዲያ በዚሁ በያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቫዮሊንና ፒያኖን ከክራርና ከማሲንቆ ጎን ያስተምራል። ተማሪው ለዓመታት ጣቱ እስኪቆስል ተለማምዶ ይመረቃል። ከተመረቀ በኋላ ችሎታው የሚሰማበት ቋሚ ቀን የቱ ነው? ኮንሰርት በከተማችን የለም አልልም። አለ፣ ጥሩ ጥሩውም አለ። ግን ብዙ ጊዜ የምንሰማው በማግስቱ ነው፤ «ትናንት እኮ እንዲህ ያለ ነገር ነበር» ተብሎ ሲወራ። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ስንጠይቅ መልስ የሚሰጠን የለም። አድማጭ በዚህ መንገድ አይፈጠርም። አንድ ሰው መጀመሪያ ሲመጣ ይደናገራል፣ ሁለተኛ ሲመጣ ዜማውን ይለየዋል፣ ሦስተኛ ላይ ልጁን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ካልታወቀ ግን የመጀመሪያው ብቻውን ይቀራል።

ትልቅ አዳራሽና ትልቅ ኦርኬስትራ እስኪገኝ መጠበቅ የለብንም። በአራት ሰው ይጀመራል፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። ማይክራፎን አይፈልጉም፤ መብራት ቢጠፋም መጫወት ይችላሉ። አንድ ወር ማሲንቆ የሚጫወት ሰው አብሯቸው ቢቀመጥ ደግሞ እኔ ከፊት ወንበር ላይ እገኛለሁ። ቦታውም ሩቅ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ግማሽ ባዶ የሆነ ካፌ በየሰፈሩ አለ። ባለቤቱ መግቢያ አያስከፍል፤ ሲመርማን እንዳደረገው ቡናውን ይሽጥ። ሙዚቀኞቹ ግን ይከፈላቸው፤ የባኽ ደመወዝም ይከፈል ነበርና። ዋናው ነገር ቀኑ ነው። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት ከተባለ፣ ዝናብ ቢዘንብም፣ አምስት ሰው ብቻ ቢመጣም፣ በዚያው ሰዓት ይጀመር።

ቀን ቆርጦ ለመጀመር የተዘጋጀ ባለካፌ ወይም ሙዚቀኛ ካላችሁ፣ ወደ ጣቢያችን ደውሉ። ቦታውን፣ ሰዓቱንና የሚጫወቱትን ድርሰት ስም በዚህ ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ በየወሩ አነባለሁ።