እናቶቻችንና መጠጥ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)





በዛሬው ቀን ስለ መጠጥ ጉዳት እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ አስቀድሞ ያሳሰበን አንድ ነገር ነበር። ይኸውም እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል ደብተሩና እርሳሱ በአረቄ ገንዘብ የተገዛለት ተማሪ መኖሩ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን እናት ሳናስቀይም፥ እውነቱንም ሳንደብቅ መናገር ይገባናል።

ነገሩን ከሩቅ እንጀምር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር 1873 በአሜሪካ አገር ሂልስቦሮ በምትባል ትንሽ የኦሃዮ ከተማ ክርስቲያን ሴቶች ተሰብስበው ወደ መጠጥ ቤቶች ሄዱ። ድንጋይ አልወረወሩም፤ ተንበርክከው ጸለዩ፥ ባለቤቶቹንም ንግዱን እንዲተዉ ለመኑ። በ1874 በክሊቭላንድ ከተማ የክርስቲያን ሴቶች የመጠጥ ተቃዋሚ ማኅበር ተመሠረተ፤ ከ1879 ጀምሮም አስተማሪ የነበረችው ፍራንሲስ ዊላርድ መራችው። ምልክታቸው ነጭ ጥብጣብ ነበረ።

እነዚህ ሴቶች ብዙ ሳይቆዩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ባል ገንዘቡን በመጠጥ ቤት ጨርሶ ሲመለስ የሚራቡት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው፤ ሚስቲቱ ግን በሕግ ፊት ድምፅ አልነበራትም። ስለዚህ ማኅበሩ ለሴቶች የመምረጥ መብትም ተከራከረ። በኒውዚላንድ የማኅበሩ አባል ኬት ሼፓርድ ባስተባበረችው ጥረት ሴቶች በ1893 የመምረጥ መብት አገኙ። አሜሪካ በ1920 መጠጥን በሕግ ከለከለች፤ ነገር ግን በስውር የሚጠመቀውና የሚሸጠው ስለ በዛ ሕጉ በ1933 ተሻረ። ከዚህ የምንማረው፥ ሰው ልቡንና ኑሮውን ካልለወጠ ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1920 ዓ.ም. ገደማ የሱዳን ኢንቴሪዮር ሚሲዮን ሰዎች ወደ ደቡብ ወርደው ሆሳዕና ላይ ሥራ ጀመሩ። ከዚያ ሥራ የበቀለችው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ምእመናኗ ከሚያሰክር መጠጥ እንዲርቁ አስተማረች። በሐዲያና በከምባታ አገር አማኝ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ አለመጠጣቱ ሆነ። ይህ ለሴቶች ቀላል አልነበረም። ድግስና ለቅሶ ሲኖር ጠላውን የምትጠምቀው ሴት ናትና፥ አልጠምቅም ስትል ከጎረቤትና ከዘመድ ወቀሳ የምትቀበለውም እርስዋው ናት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በሃይማኖታቸው ከመጠጥ ስለሚርቁ፥ በዚህ ነገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድነት ሊቆሙ ይችላሉ።

እስቲ አረቄ የምታወጣውን እናት እንመልከት። ብቅል ታበቅላለች፥ ጌሾ ትወቅጣለች፥ ድፍድፉን ትጥላለች፥ ከዚያም እሳት ስር ተቀምጣ ጢሱ ዓይንዋን እያቃጠለው ጠብታውን ትጠባበቃለች። ብዙ እንጨት ይነድዳል፥ ለምግብ የሚሆን እህልም ያልቃል። ከዚህ ሁሉ ድካም የምታገኘው ሳንቲም ለእኛ ደብተር ይሆናል። ነገር ግን ያ ሳንቲም ከየት መጣ? ከጠጪው ኪስ ነው፤ ጠጪውም ልጆች አሉት። ስለዚህ የአንዱ ተማሪ ደብተር የተገዛው በሌላው ተማሪ ደብተር ዋጋ ነው። ጥፋቱን በእናቲቱ ላይ ማሳረፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ሌላ መንገድ ቢኖራት ጢሱን ባልመረጠች ነበርና።

ሌላው መንገድ በእጃችን አለ። እናቶቻችን ዊጆ የሚሉት ማኅበር አላቸው። እያንዳንዷ ሴት የተወሰነውን ወተት ወይም ቅቤ በቀኑ ታመጣለች፤ የተሰበሰበውም በየተራ ለአንዷ ይሰጣል። ለብቻዋ ጥቂት ቅቤ የነበራት ሴት ተራዋ ሲደርስ ለገበያ የሚበቃ ታገኛለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ይህ ነው። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ማኅበር መጠጥን ሲቃወም፥ አረቄ መተው የምትፈልገውን ሴት ወደ ዊጆ ቢያስገባትና የመጀመሪያውን ተራ ቢሰጣት፥ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይረዳታል። ላም የሌላትም እንደሆነች ጎረቤቶችዋ መጀመሪያ ቢያበድሯት መልካም ነው።

ለእኛ ለተማሪዎችስ? የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2019 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመጠጥ ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። መጠጥ ጉበትን ይጎዳል፤ የወጣት አእምሮም ገና እያደገ ስለሆነ ጉዳቱ ይብስበታል። አገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከልክላለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ነገር ግን ብቅል የሚያወጣው ምሥጢርን ብቻ ሳይሆን ጠብን፥ ዕዳንና እንባንም ነው።

በመጽሐፈ ምሳሌ በ31ኛው ምዕራፍ ንጉሥ ልሙኤልን ከመጠጥ እንዲርቅ የመከረችው እናቱ ናት። ንጉሥ የእናቱን ምክር ከሰማ እኛ የፎንቆ ተማሪዎች ብንሰማ አያንሰንም። በያሆዴ በዓል በአተካናው ዙሪያ ተቀምጠን ያለ አረቄ እንደሰት። ትምህርታችንንም ጨርሰን ሥራ ስንይዝ፥ ስለ እኛ እሳት ስር የተቀመጡትን እናቶች ከጢሱ እናውጣ። የሚገባቸው ምስጋና ይህ ነው።

እግዚአብሔር እናቶቻችንንና አገራችንን ይባርክ።