ለትንሽ ውሻ ትንሽ ድስት
(በራዲዮ የተነገረ)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ትናንሽ የቤት ውሾች ምግብ ነው። ከብዙ ሥራና ከብዙ ሐሳብ መካከል ስለ ውሻ ቀለብ መነጋገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ለውሻ የምንሰጠው ምግብ ከውሻው አልፎ የልጆቻችንን ጤና የሚነካ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ደቂቃ ቢሰጠው አይበዛበትም።

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ። የአምባሰል ገበሬ የዚህን ምሳሌ ትርጉም ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ውሻው ሌሊት ጅቡን ከበረት፥ ቀን ዝንጀሮውን ከማሳ ይመልስለታል፤ እርሱም በፈንታው ከእንጀራው ቆርሶ ይሰጠዋል። ያ ውሻ ግን አካሉ ትልቅ ነው፤ ቀኑንም በገደልና በማሳ ሲሮጥ ይውላል። በሐይቅ ከተማም ሆነ በውጫሌ፥ በደሴም ሆነ በአዲስ አበባ፥ በመንግሥት ሠራተኛ ግቢ ውስጥ የሚያድገው ትንሽ ውሻ ከዚህ ይለያል። ክብደቱ አራት ወይም አምስት ኪሎ ነው፤ ሥራውም ከበር እስከ ጓዳ መመላለስ ነው። ምግቡ ግን ያው እንደ ትልቁ ውሻ የማዕድ ትራፊ ሆኖ ቀርቷል። ጉዳቱም የሚመጣው በሁለት በኩል ነው፤ አንዱ ከርኅራኄ ብዛት፥ ሁለተኛው ከቸልተኝነት።

ከርኅራኄው እንጀምር። ባለቤቱ ውሻውን ስለሚወድደው ከራሱ ወጥ ያጎርሰዋል። የወጣችን መሠረት ደግሞ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለሰው ጣዕምና ጤና ሲሆኑ ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ቀይ የደም ሕዋሱን እያፈረሱ ደሙን ያሳንሱታልና። የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚያስተምሩት፥ ውሻ ከክብደቱ ከመቶ ግማሽ እጅ የሚበልጥ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ቢበላ ጉዳቱ በደሙ ላይ ይታያል። ይህ በአራት ኪሎ ውሻ ሲሰላ 20 ግራም ብቻ ነው። ሠላሳ ኪሎ የሚመዝነው የገበሬው ውሻ የሚችለውን ያህል ትንሹ አይችልም።

ሽንኩርቱ ቢቀቀልም፥ ቢቁላላም፥ ቢደርቅም መርዙ አይጠፋም። አንዳንድ ሰው ሥጋውን ከወጡ አውጥቶ በውሃ አለቅልቆ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሥጋው በቁሌቱ ውስጥ ስለ በሰለ፥ ማለቅለቁ ከላይ ያለውን እንጂ ውስጥ የገባውን አያወጣውም። በርበሬውም ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ደግሞ ምክንያቱን የሚጠረጥር የለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሻው ይደክማል፤ ድዱ ይነጣል፤ ሽንቱም ይጠቁራል። ይህ ምልክት ሲታይ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ቅቤም እንዲሁ ነው። አራት ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን የሚያስፈልገው 300 ካሎሪ ያህል ብቻ ሲሆን፥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ከዚህ ከሢሶው በላይ ይይዛል። ስብ የበዛበት ምግብ ከማወፈሩ ሌላ ቆሽትን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ቸኮላት፥ ቡናና የቡና አተላ፥ ዘቢብና ወይን፥ ጠላና አረቄ፥ እርሾ የገባበት ጥሬ ሊጥ፥ በስኳር ፈንታ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ የተጨመረበት ማስቲካ፥ እነዚህ ሁሉ ለውሻ አይሰጡም።

አሁን ወደ ቸልተኝነቱ እንለፍ፤ ለሰው የሚያሰጋው ይህ ነውና። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ በግ በግቢያችን ሲታረድ፥ ከሳንባው ወይም ከጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ የተገኘ እንደ ሆነ «ይህስ ለሰው አይሆንም» እንልና ለውሻው እንወረውርለታለን። በዚያ እባጭ ውስጥ ያለው ግን ኤኪኖኮከስ የሚባል የኮሶ ትል ሽል ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ሽሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላም እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። እንቁላሉ በውሻው ጠጕርና በግቢው አፈር ላይ ይቀራል። ውሻውን ሲያሻሽ የዋለ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ይውጠዋል፤ ያ እባጭም በተራው በሕፃኑ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያድጋል። እድገቱ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ዓመታት አልፈው፥ በሽታው በየት እንደ ገባ ከተረሳ በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

በዚህ ነገር የሌላ አገር ታሪክ ያስተምረናል። አይስላንድ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ይህ በሽታ እጅግ የበዛባት የበግ አርቢዎች አገር ነበረች። ሐራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በ1863 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደዚያ ሄዶ ውሾቹን መረመረ፤ በሚከተለው ዓመትም ሕዝቡ በቀላሉ የሚረዳው አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ በየቤቱ ታደለ። የምክሩም ፍሬ ነገር የታመመውን የሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ የሚል ነበር። ሕዝቡ አነበበ፤ ልማዱንም ለወጠ፤ በኋላም ሕግ ተጨመረበት። በሚቀጥሉት አሥርተ ዓመታት በሽታው እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ከአገሪቱ ጠፋ። ያን ሁሉ መከራ ለማቆም መነሻ የሆነው ለውሻ የሚሰጠውን ማወቅ ነበር።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? አንዲት ትንሽ ድስት ናት። ለውሻው የራሱ ድስትና የራሱ ሳሕን ይኑረው፤ ድርሻውም ሽንኩርቱ ከመጣዱ በፊት ተለይቶ ይነሣለት። ይህ ለጎረቤትም ይስማማል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ቡና በሚጠራሩበት በወሎ፥ የውሻው ዕቃ ከሰው ዕቃ ጋር አለመቀላቀሉ እንግዳ ሳይሳቀቅ እንዲገባና እንዲበላ ያደርጋል።

የአራት ኪሎ ውሻ የቀን ምግብ እንደዚህ ሊሰናዳ ይችላል። ስብ የሌለው 100 ግራም ቀይ ሥጋ ወይም የዶሮ ሥጋ፥ ግማሽ ብርጭቆ የበሰለ ሩዝ፥ ሁለት ማንኪያ የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባ ይቀላቀላል፤ ጨውም ቅመምም አይገባበትም። ይህ ተከፍሎ ጧትና ማታ ይቀርባል። ሥጋ ብቻውን ለአጥንት የሚበጀው ካልሲየም ስለሚያንሰው፥ ተቀቅሎና ደርቆ እንደ ዱቄት የላመ የዕንቁላል ቅርፊት ከሻይ ማንኪያ ሩብ ያልበለጠ ይጨመርበታል። ከገበያ የሚገዛ የውሻ ምግብ ሳይደባለቅበት ውሻውን በዚህ ብቻ ለብዙ ጊዜ ማሳደር የሚፈልግ ሰው ግን የእንስሳት ሐኪም ያማክር፤ ሌሎች ማዕድናትና ቪታሚኖችም ያስፈልጉታልና።

በሐይቅ ዳር የሚኖሩት ደግሞ ሌላ ጸጋ አላቸው። ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ ተቀቅሎ፥ አጥንቱ በጣት እየተዳሰሰ ከተለቀመ በኋላ በሥጋው ፈንታ ሊገባ ይችላል። የተጠበሰ ዓሣ አጥንት ግን እንደ መርፌ ጉሮሮ ይወጋል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይቀዳል። ስለዚህ ከማዕድ የተረፈ አጥንት ለትንሽ ውሻ አይጣል።

ውሻውን ማስደሰት የሚወድድ ሰው ዳቦ ቆሎ ይሥራለት። ዱቄቱ በዕንቁላልና በውሃ ብቻ ይለወስ፤ ጨው፥ ስኳርና በርበሬ አይንካው፤ እንደ ሽንብራ ፍሬ ተቆርጦ በምጣድ ይቆላ። በርበሬና ጨው ያልነካው፥ በደንብ በስሎ የደረቀ ቀጭን ሥጋም ይሆናል። ነገር ግን ማባበያው ሁሉ ተደምሮ ከቀን ምግቡ ከአሥር አንድ እጅ አይብለጥ። አንድ የተቀቀለ ዕንቁላል ብቻውን ለዚህ ትንሽ ፍጡር የቀኑን ሩብ ያህል መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ዕርድ በሚሆንበትም ቀን የታመመው የሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለውሻው የኮሶ ትል መድኃኒት እንስሳት ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ይሰጠው፤ ልጆችም ውሻውን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና መታጠብን ይልመዱ።

ውሻ የሚበላውን አይመርጥም፤ የሰጡትን ይቀበላል። መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው። በበላበት የሚጮኸው ታማኝ ጠባቂ፥ በእጃችን በሰጠነው ጉርሻ እንዳይታመም፥ ልጆቻችንንም እንዳያሳምም፥ ከበዓሉ ድስት አጠገብ ያችን ትንሽ ድስት እንጣድለት።