መለኪያው እንደ እድር ድስት ይዙር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ስለ ሳምባ ሐኪም ያውራ። የማወራው ስለ ንብረት ነው። ለአባላት በተራ የሚዋስ የአየር መለኪያ እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እደግፈዋለሁ፤ ነገር ግን የማዋሻው ደንብ ከግዢው በፊት ይጻፍ እላለሁ።

መለኪያው መዳፍ የሚያህል ሳጥን ነው። ትንሽ ማራገቢያ አየር ይስብለታል፣ ሌዘር ያበራበታል፣ ብርሃኑ ብናኝ ሲመታ ይበተናል፤ መሣሪያው ከዚያ ተነሥቶ የብናኙን መጠን ይገምታል። የሚፈልገው ፒኤም 2.5 የሚባለውን፣ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንሰውን ደቃቅ ብናኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ እንጀራ ሲጋገር ግን ቁጥሩ ወደ መቶዎች ሊወጣ ይችላል።

መንግሥት ወይም ሌላ ትልቅ ድርጅት ቢለካልንስ የምትሉ ትኖራላችሁ። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እየለካ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ የአሜሪካ መንግሥት በበጀት ምክንያት የኤምባሲዎቹን መረጃ ማሰራጨት አቆመ። ባያቆምም ኖሮ፣ እንጦጦ መንገድ ላይ የቆመ መለኪያ የቡራዩን ማድቤት አያይም፤ የሰበታን የጅማ መንገድ አቧራም አያይም። ካምፓላ ውስጥ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ርካሽ መለኪያ እየሠሩ በየሰፈሩ ሰቅለዋል፤ በሞተር ብስክሌት ታክሲ ላይ ጭምር አስረዋል። በአሜሪካ ደግሞ መለኪያ እንደ መጽሐፍ የሚያውሱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሉ።

እኛ ቤተ መጻሕፍት ባይኖረንም እድር አለን። የእድር ድንኳን፣ ድስትና ወንበር ስንት ዓመት ሲዞር ኖሯል! ማን እንደወሰደው፣ ምን ጎድሎ እንደተመለሰ ንብረት ያዧ ታውቃለች። መለኪያውም እንዲሁ ይመዝገብ፤ ቁጥር ይሰጠው፣ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን ይጻፍ፣ ተረካቢዋም ትፈርም። የአንድ ሳምንት ውሰት ይበቃል።

አንዳንዶቻችሁ መያዣ ገንዘብ ይጠየቅ ብላችኋል። በዚህ አልስማማም። በአንድ ክፍል ልጆቿን አስተኝታ እዚያው የምታበስለው እናት መያዣ የላትም፤ መለኪያው ከሁሉ በፊት መድረስ ያለበት ደግሞ እሷ ቤት ነው። ከቁጠባ ቡድኗ ሁለት ሴቶች ዋስ ይሁኗት፤ ብድር ስንሰጥም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

በሳምንቱ ውስጥ ምን ይሠራል? ሦስት ቀን እንደ ወትሮው ማብሰል፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፦ መስኮት መክፈት፣ ወይም እንጨቱን ማድረቅ፣ ወይም ከጎረቤት ምርጥ ምድጃ ላይ መጋገር። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ የቀየረች ሴት የትኛው እንደረዳት አታውቅም። ደግሞ አንድ ቁጥር አይታችሁ አትደንግጡ፤ አንድ ደረሰኝ የዓመት ሒሳብ አይሆንም። የ15 ወሰን የሙሉ ቀን አማካይ እንጂ ምጣድ የተጣደበት ደቂቃ አይደለም።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልናገር። ሱሉልታ ብርድ ነው፤ ማታ ማታ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ይገባል። ከሰሉ ፍም ሲሆን ጭሱ ይጠፋል፣ የመለኪያውም ቁጥር ይወርዳል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይህ መለኪያም ጨርሶ አያውቀውም። ቁጥሩ ጥሩ ነው ብላ በር ዘግታ የምትተኛ እናት ከነልጆቿ ላትነሣ ትችላለች። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በትልቁ ይጻፍ፦ «ይህ መሣሪያ የከሰል ጋዝ አይለካም፤ ከሰል አስገብታችሁ አትተኙ።» ማንበብ ለማይችሉት በቃል ይነገራቸው። ይህ ሳይሟላ መለኪያው ከቢሮ እንዳይወጣ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ሌላም አለ። የጉም ጠብታ ለሌዘሩ ብናኝ ይመስለዋል፤ ክረምት ላይ ጠዋት ደጅ ብታስቀምጡት ያጋንናል። ገበያ ላይ ሚዛን እንደሚፈተሸው፣ መለኪያዎቹ ከመውጣታቸው በፊትና ሲመለሱ አንድ ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይስማሙ አይስማሙ ይታይ።

ቁጥሩስ የማን ነው? የቤቱ ባለቤት ሴት ነው እላለሁ። ብዙዎቻችን ተከራይ ነን። የአንዲት ቤት ቁጥር አደባባይ ወጥቶ አከራይዋ «ቤቴን አሰደብሽኝ» ቢላትና ዕቃዋን ቢያወጣባት ማኅበሩ ሌላ ቤት አይከራይላትም። ለቀበሌም ለጉብኝትም የሚቀርበው ስም የሌለበት የሰፈር ድምር ይሁን። ለጋሾቻችንም የየቤቱን ዝርዝር የሪፖርት ግዴታ እንዳታደርጉብን እለምናለሁ።

ለእናንተ ለለጋሾች አንድ የሒሳብ ነገር ልጨምር። ለዕቃ መግዣ መስጠት ሁሌም ይቀላል፤ ፎቶም ይነሣበታል። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ፓወር ባንክ፣ የሞባይል ዳታ፣ አቧራ የበላው ማራገቢያ መቀየሪያ፣ ከሰበታ ሱሉልታ የሚመላለስበት ትራንስፖርት ግን በጀት ውስጥ አይገቡም። በረቂቁ ላይ ለእነዚህ የተለየ መደብ ከፍቻለሁ፤ የእርጅና ተቀናሽም ይዤለታለሁ። የምድጃው መደብ ግን እንዳይነካ። ለመለኪያ ብለን የምርጥ ምድጃና የጭስ ማውጫ ብድር ከቀነስን ጭሱን ቆጥረን ልንቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው ተራ ለሱሉልታ ቡድን ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ጉሙ ሳይመጣ፣ ከሰኔ በፊት። መዝገቡን አዘጋጅቼ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ከሻይ በኋላ ስም የምታስይዙ ከነዋሶቻችሁ ኑ።