ስታክስ፦ በመተማመን የቆመ ሸክላ ቤት



የሶል ሙዚቃ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠራው የዲትሮይቱን ሞታውንን ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሜምፊሱ ስታክስ ነው። ይህን ቤት ያቆመው በሰዎቹ መካከል የነበረው መተማመን ነው፤ ክፉኛ የጎዳውም ያው መተማመን ነው ብዬ አምናለሁ።

የስታክስ መሥራች ጂም ስቱዋርት ቀን ባንክ ቤት ይሠራ፣ ማታ የካንትሪ ሙዚቃ በቫዮሊን ይጫወት ነበር። በ1957 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ) ሳተላይት የተባለ ትንሽ ሸክላ አሳታሚ ከፈተ። ታላቅ እኅቱ ኤስቴል አክስተን ቤቷን አስይዛ በተበደረችው ገንዘብ የመቅረጫ መሣሪያ ተገዛ። በ1960 በጥቁሮች ሰፈር፣ በማክሌሞር ጎዳና፣ ሥራ ያቆመ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ወንበሮቹ ተነቀሉ፤ የአዳራሹ ወለል ግን ተዳፋት እንደሆነ ቀረ። የስታክስን ልዩ ድምፅ ከዚያ ወለል ጋር የሚያያይዙ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። በ1961 ድርጅቱ ከወንድምና እኅት ስም የተቀነጨበውን ስታክስ የሚለውን መጠሪያ ያዘ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሱቁ ነው። ኤስቴል ፈንድሻ ይሸጥበት የነበረውን ጥግ ሸክላ መሸጫ አደረገችው። የሰፈሩ ልጆች እየመጡ ያዳምጣሉ፤ እሷም የትኛውን እንደወደዱ፣ ለምን እንደወደዱ ትጠይቃቸዋለች። መልሳቸው ግድግዳውን አልፎ ስቱዲዮ ይገባል። ቡከር ቲ ጆንስ ገና ተማሪ ሳለ የዚያ ሱቅ ደንበኛ ነበር፤ በ1962 ከጓደኞቹ ጋር «ግሪን ኦንየንስ»ን ሠራ። ጥቁርና ነጭ በአንድ ገበታ ለመቀመጥ በሚቸገሩበት ከተማ እነሱ በአንድ ክፍል አብረው ይጫወቱ ነበር። በዚያው ዓመት ሌላ ሙዚቀኛ በመኪና ይዞ የመጣው ኦቲስ ሬዲንግ በተረፈች ሰዓት ይሞክር ተባለ፤ ያቺ ሰዓት ዘፋኝ አደረገችው። ኦቲስ የትራምፔቱንና የሳክስፎኑን ዜማ በኖታ አይጽፍም፤ በአፉ እያዜመ ያስይዛቸዋል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው በሚተማመኑ ሰዎች መካከል ብቻ ነው።

ከዚያ መዓት በመዓት ላይ ተደራረበ። በታኅሣሥ 1967 ኦቲስንና የአጃቢ ባንዱን የባር-ኬይስን አባላት የያዘች አውሮፕላን ዊስኮንሲን ውስጥ ሐይቅ ላይ ወደቀች፤ የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በሎሬን ሞቴል ተገደሉ፤ ሞቴሉ የስታክስ ሰዎች ዘፈን የሚደርሱበት ቤታቸው ነበር። በዚሁ ጊዜ ሸክላዎቹን ያከፋፍል የነበረው አትላንቲክ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ሽርክናው የተጀመረው በቃል ነበር፤ በ1965 ወደ ወረቀት ሲዞር ስቱዋርት በወዳጅነት አምኖ በደንብ ሳያነብ ፈረመ። ውሉ ሲገለጥ አትላንቲክ ያከፋፈላቸው ቅጂዎች ሁሉ ባለቤት አትላንቲክ ሆኖ ተገኘ። የስምንት ዓመት ድካም፣ የኦቲስ ድምፅ ጭምር፣ በአንድ አንቀጽ ሄደ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የስታክስ ኃላፊ የነበረው አል ቤል ግን እጁን አላጣጠፈም። የሸክላ ክምችቱ ባዶ ስለነበር በ1969 ሃያ ሰባት አልበም ባንድ ጊዜ አወጣ፤ ከመካከላቸው የአይዛክ ሄይስ «ሆት በተርድ ሶል» አገር አዳረሰ። ሄይስ በ1972 ለ«ሻፍት» ፊልም ዘፈን ኦስካር ተሸለመ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተደረገው የዋትስታክስ ኮንሰርት ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በአንድ ዶላር መግቢያ ተገኘ። ዕዳው ግን ከዝናው ፈጠነ፤ በ1975 መጨረሻ ስታክስ ከሰረ።

ሲኒማ ቤቱ በ1989 ፈረሰ። በ2003 በዚያው ቦታ ሙዚየም ተከፈተ፤ ከጎኑ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም የሜምፊስን ልጆች ያስተምራል። ከ1968 በፊት የተቀረጹት ቅጂዎች ግን እስከ ዛሬ የአትላንቲክ ንብረት ናቸው።