እንጉዳይ ብርሃንን በምን ያውቃል?



በክረምት ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትሄዱ በአጥር ሥር ወይም በበሰበሰ ግንድ ላይ ትናንት ያልነበረ የጅብ ጥላ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው በአንድ ሌሊት የተወለደ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የእንጉዳዩ ዋና አካል በግንዱ ውስጥ ተሠውሮ እንጨቱን እየበላ ለብዙ ጊዜ የኖረ፣ እጅግ የቀጠነ የክር መረብ ነው። እኛ የምናየው ዣንጥላ የዚያ መረብ ፍሬ ሲሆን ተግባሩም እንደ ዱቄት የደቀቀውን ዘር ለነፋስ መስጠት ነው።

ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጥያቄ ከዚህ ይመነጫል። ያ በጨለማ የሚኖር ክር ከግንዱ ውጭ መድረሱን በምን ያውቃል? ዣንጥላውን በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ቢዘረጋ ዘሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል፤ የብዙ ጊዜ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። እንጉዳይ እንደ ተክል አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው ብርሃንን አይመገብም፤ እንደ ወሬ ይቀበለዋል እንጂ። ወሬውም «ደጅ ደርሰሃል» የሚል ነው።

ይህን ነገር በጥንቃቄ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ የዕፅዋትን ትምህርት ያስተምሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ሬጂናልድ ቡለር ናቸው። በ1905 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባቡር ሐዲድ ሥር በሚጋደመው እንጨት ላይ የሚበቅለውን ሌንቲኑስ ሌፒዴውስ የተባለውን እንጉዳይ መርምረዋል። በጨለማ ያደገው እንጉዳይ ዣንጥላ አላወጣም፤ አገዳው ብቻ እየረዘመ ቀንድ መሰለ። ብርሃን ሲያገኝ ግን አገዳው ወደ ብርሃኑ አዘነበለ፤ በጫፉም ዣንጥላ ማበጀት ጀመረ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። ዣንጥላው ከተጀመረ ወዲህ አገዳው ብርሃኑን መከተሉን ይተውና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል። ዘሩ ከዣንጥላው ሥር በተደረደሩት ስስ ግድግዳዎች መካከል ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ዣንጥላው ቢያዘነብል ኖሮ ዘሩ ከግድግዳው ላይ ተለጥፎ በቀረ ነበር።

ዓይን የሌለው ፍጡር ታዲያ በምን ያያል? መልሱ የተገኘው ኒውሮስፖራ ከተባለው፣ በዳቦ ላይ ከሚወጣው ብርቱካንማ ሻጋታ ነው። የዚህ ሻጋታ ክር ብርሃን ሲያገኝ ቀለም ይይዛል። ሊቃውንቱ ግን ቢበራበትም ክሩ ነጭ ሆኖ የሚቀር፣ ዘሩ ብቻ ቀለም ያለው ዓይነት አገኙ። በብልቃጥ ውስጥ ከብርቱካንማው ዘር ሥር የክሩ ንጣት ጎልቶ ስለሚታይ «ነጭ ኮሌታ» የሚል ስም አወጡለት። (በቢሮ ለምንውል ለእኛም የሚስማማ ስም ነው።) በ2002 ዓ.ም. የተመራማሪዎች ጥናት በዚህ ዓይነት ላይ ከተበላሸው ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ራሱ ብርሃን ተቀባይ መሆኑን አስረዳ። ፕሮቲኑ ከቪታሚን ቢ 2 የሚሠራ ቢጫ ንጥረ ነገር በውስጡ ይዟል። ያ ንጥረ ነገር ሰማያዊውን ብርሃን ሲውጥ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለወጣል፤ ከባልንጀራው ከሌላ ፕሮቲን ጋርም ሆኖ ተኝተው የነበሩትን ጂኖች ይቀሰቅሳል።

ይህ የሻጋታ ነገር ለባለ ዣንጥላውም እንጉዳይ ይሠራልን? በ2005 ዓ.ም. የጃፓን ተመራማሪዎች በፋንድያ ላይ ከሚበቅለው ከኮፕሪኖፕሲስ እንጉዳይ ወገን፣ በብርሃን መካከል ሳለ በጨለማ እንዳለ ሆኖ አገዳውን ብቻ የሚያረዝም ዓይነት መረመሩ። ጉድለቱ የነጭ ኮሌታውን ጂን በሚመስል ጂን ላይ ተገኘ። በቡለር ዘመን የጨለመው የእንጉዳዩ ቤት ነበር፤ በዚህኛው ቤቱ እየበራ እንጉዳዩ ታወረ፤ የሁለቱም ፍጻሜ ዣንጥላ አልባ አገዳ ሆነ።

በአገራችንም ኦይስተር የተባለውን እንጉዳይ በጭድና በጥጥ ተረፈ ምርት ላይ እያበቀሉ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ከእናንተም መካከል በጓሮው ክፍል ሊሞክረው ያሰበ ሊኖር ይችላል። እንጉዳይ ጨለማ ይወዳል ሲባል ሰምቶ መስኮቱን ሁሉ የደፈነ ሰው ገንዘቡን ያወጣበትን ጭድ ረጃጅምና ቀጫጭን አገዳ፣ በጫፉም እንደ ሚስማር ራስ ያነሰ ዣንጥላ ሞልቶበት ያገኘዋል፤ ገበያም አይወስደውም። ክሩ ጭዱን ሲወርስ ጨለማ አይጎዳውም። ፍሬው ሲጀምር ግን መጠነኛ ብርሃን ይፈልጋል፤ የፀሐይ ጨረር በቀጥታ ቢያርፍበት ደግሞ ይደርቃል። የታፈነ አየርም አገዳውን እንዲሁ ስለሚያስረዝመው፣ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ብርሃኑንም የአየሩንም መተላለፊያ አብሮ ይመርምር።

ሻምፒኞን የሚባለው ነጭ እንጉዳይ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከፓሪስ ከተማ በታች በነበሩት የድንጋይ ካባዎች ጨለማ ውስጥ በብዛት ይመረት ነበር፤ ዣንጥላውም ምንም አይጎድለውም። እርሱ ፍሬውን የሚጀምረው አየሩ ሲታደስና ሙቀቱ ሲቀዘቅዝ ነው።