ደብዳቤ ለበጎ ፈቃደኛዋ

አቅራቢው፦ እህቴ፣ እዚህ አውስትራሊያ፣ ሰንሻይን ያደገች ልጅ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ባሕር ዳር ሄዳለች እንበል። እናቷ እሽግ ልትልክላት ትፈልጋለች። ከምን ትጀምር?

አቅራቢዋ፦ ከአድራሻው። እዚህ ፖስተኛው ደጃችን ድረስ ያመጣል፤ አገር ቤት ግን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ልጅቷ የምታገለግልበትን መሥሪያ ቤት ቁጥር ትጠይቅ፤ የልጅቷን ስልክም ትጻፍበት።

አቅራቢው፦ እሽጉ ውስጥስ?

አቅራቢዋ፦ የጉምሩክ ቅጹ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ በስሙ ይመዝገብ። ሽቶና ላይተር በአየር ፖስታ አይላኩም።

አቅራቢው፦ ለአገልግሎት ከቤታቸው ከራቁ ሰዎች አንዷን ላስታውስ፤ ሐኪሟ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከባለቤታቸው ጋር ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ሲገቡ ውላቸው የ3 ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪያርፉ እዚያው ኖሩ። የቪዲዮ ጥሪ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የዘመድ ናፍቆት የሚመላለሰው በፖስታ ነበር።

አቅራቢዋ፦ ዛሬ ስልክ አለ ብለን ደብዳቤን መተዋችን ግን ልክ አይመስለኝም። ኔትወርክ ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል፤ እናት በእጇ የጻፈችው ወረቀት ግን ትራስ ሥር ተቀምጦ ደጋግሞ ይነበባል። የሰው አገር ለማገልገል የወጣ ልጅ ደግሞ በሥራው ተስፋ የሚቆርጥበት ቀን አለው።

አቅራቢው፦ እውነት ነው። አድማጮቻችን፣ በአገልግሎት የራቀ ልጅ ካላችሁ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ጻፉለት፤ ነገ ፖስታ ቤት አድርሱት።