ጉዞ በትንሹ ልጅ እርምጃ ይለካ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሕፃናትን ይዞ ወደ ውጭ አገር ስለ መጓዝ አጭር ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ርእሱ ለጤና ባለሙያዎች ጉባኤ እጅግ ቀላል መስሎ ታይቶኝ ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎች ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ቤተሰባቸውን ይዘው ባሕር የሚሻገሩ መሆናቸውን፣ ሌሎቻችንም መንገድ የሚወጡ ወላጆችን በየክሊኒኩ የምናማክር መሆናችንን ሳስብ፣ ይልቁንም በዚሁ ጉዳይ እኔው ራሴ የፈጸምሁት ስሕተት ትዝ ሲለኝ፣ ጥሪውን ተቀበልሁ።

ስሕተቴን አስቀድሜ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተጨማሪ ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ስሄድ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዤ ነበር። ታላቁ 4 ዓመት ሆኖታል፤ ታናሺቱ ገና 14 ወሯ ነበር። በመንገዳችን ላይ አይሮፕላን ለመለወጥ 6 ሰዓት ያህል መቆየት ነበረብን። ታናሺቱን ገና በመጀመሪያው በረራ ላይ ሳለን ተቅማጥና ትውከት ጀመራት። ከአይሮፕላን ስንወርድ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ስታለቅስ እንባ አይወጣትም፤ ከንፈሯ ደርቋል። የነዚህን ምልክቶች ትርጉም እንኳንስ እኔ፣ በክሊኒኬ ደጃፍ ሰብስቤ ያስተማርኋቸው እናቶች ሁሉ ያውቁታል። ከሰውነት የሚወጣውን ውኃ የሚተካው ኦ.አር.ኤስ. አልተዘነጋም፤ ስድስት ከረጢት ገዝቼ ነበር። ዳሩ ግን በጥንቃቄ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ከእጃችን ሳይሆን፣ ለአየር መንገዱ ካስረከብነው ሻንጣ ውስጥ ነበር። የክትባት ካርዷም እንዲሁ።

ባለቤቴ የጤና ባለሙያ አይደለችም። ይሁን እንጂ እኔ ሻንጣውን ለማስወጣት ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እየተመላለስሁ ስከራከር፣ እርሷ ከሻይ ቤቱ አንድ ሊትር የታሸገ ውኃ፣ ስኳርና ጨው ይዛ መጣች። ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በውኃው በጠበጠች፤ ይህን መጠን ያወቀችው እኔን ስትጠብቅ ከክሊኒካችን ግድግዳ ላይ አንብባ ነው። ከዚያም ልጅቱን ታቅፋ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ታጠጣት ጀመር። ስትተፋው አሥር ደቂቃ ያህል ትታገሥና እንደገና ትቀጥላለች። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ልጅቱ ሸናች። በሙያ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ እርጥብ ጨርቅ ያስደሰተኝ ነገር አላየሁም።

እንግዲህ ዛሬ ልናገር የፈለግሁት ከዚህ የተነሣ ነው። በእኛ በኩል የዕውቀት ጉድለት አልነበረም። የጎደለው ዕውቀቱን በትንሿ ልጅ መጠን ሰፍቶ፣ በምትደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ነበር። ጉዞውን የለካሁት በትምህርቱ መክፈቻ ቀንና በሻንጣው ክብደት እንጂ በእርሷ አልነበረም።

ዝግጅቱ ከመነሻው ቀን ቢያንስ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ይጀመር። ምክንያቱም አንዳንድ ክትባቶች በመካከላቸው የአራት ሳምንት ርቀት ይፈልጋሉ። ኩፍኝ ወደሚገኝበት አገር የሚሄድ ከ6 እስከ 11 ወር ዕድሜ ያለው ሕፃን፣ ከመደበኛው መርሐ ግብር ቀደም ብሎ አንድ ተጨማሪ ክትባት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህም መደበኛውን አይተካም። የቢጫ ወባ ክትባት በተለምዶ የሚሰጠው ከ9 ወር ጀምሮ ሲሆን፣ ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ቀድሞ የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነበር፤ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ቀጥሎ የሰነድ ጉዳይ ነው። የእኛ የስም አጠራር በሌላው ዓለም ዘንድ ግር ያሰኛል። አባት በአባቱ፣ እናት በአባቷ፣ ልጅም በአባቱ ስም ስለሚጠራ፣ አንድ ቤተሰብ በድንበር ሹም ፊት ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ይዞ ይቀርባል። ከሁሉ ይልቅ የምትቸገረው ልጇን ብቻዋን ይዛ የምትጓዝ እናት ናት፤ በፓስፖርቷና በልጇ ፓስፖርት መካከል አንድም የሚመሳሰል ስም የለምና። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀቱ ከነትርጉሙ፣ አባት አብሮ የማይጓዝ ከሆነም የፈቃድ ደብዳቤው ከእጅ አይለይ።

ስለ ጆሮ ሕመምም ጥቂት ልበል። በውጭ አገር የተጻፉት ምክሮች በአብዛኛው ከዝቅተኛ ቦታ የሚነሣውን መንገደኛ የሚያስቡ ናቸው። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በበረራ ጊዜ በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ በተለምዶ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። ስለሆነም ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሕፃን አይሮፕላኑ ሲወጣ ጆሮው እምብዛም አይሰማውም፤ ወላጆችም በዚህ ይዘናጋሉ። ፈተናው ወደ ለንደን ወይም ወደ ዱባይ ሲወርድ ይመጣል። ከማረፊያው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ሕፃኑን ቀስቅሶ ጡት ወይም ጡጦ መስጠት ይገባል፤ መዋጥ ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን ቱቦ ይከፍታልና። ጉንፋን የያዘው ልጅ ግን ቱቦው ስለሚያብጥ አስቀድሞ ይመርመር።

ከደረሱም በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለልጆቹ ይተዉ። የሰውነት ሰዓት የሚስተካከለው በቀን በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ልጅ እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ስለሚገጥመው፣ ለአንድ ሳምንት ያህል በሌሊት ቢነቃ ጥፋት አይደለም። ዘመድ ሁሉ በአንድ ቀን ካላየሁት ቢልም፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እንዳይውል ወላጅ በትሕትና እንቢ ይበል።

በመጨረሻ፣ መንገዱ የሚያወጣ ብቻ ሳይሆን የሚያስገባም መሆኑን እናስታውስ። በውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆች አያቶቻቸውን ለማየት ሲመጡ፣ ወላጆቻቸው «አገራችን ነው፤ እኛ ያደግንበት ነው» ብለው ይዝናናሉ። ነገር ግን ወላጅ ስላደገበት ብቻ ልጁ ወባን የመቋቋም ኀይል አይወርስም። በአገራችን በጠቅላላው ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ቦታ የወባ ሥጋት አለበት። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አርባ ምንጭ የሚወሰድ ልጅ አጎበርና እንደ ክብደቱ የታዘዘ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ከተመለሰ በኋላ፣ ከወራትም በኋላ ቢሆን፣ ሲያተኩሰው ወላጅ ለሐኪሙ «ኢትዮጵያ ነበርን» ማለትን እንዳይረሳ አበክረን እንንገረው። ይህንኑ ምክር ከደጋ ወደ ቆላ ልጆቻችንን ስንወስድ ለራሳችንም እንስጠው።

ውድ ባልደረቦቼ፤ ያቺ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ የዚያን ቀን ነገርም አታስታውሰውም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የሚጓዙ ወላጆች ወደ ክሊኒኬ ሲመጡ የምጠይቃቸውን ጥያቄ ለውጫለሁ። ቀድሞ «መድኃኒቱን ይዛችኋል ወይ?» እል ነበር። አሁን የምለው «በየትኛው ቦርሳ?» ነው።